«ለሰላም ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ 250 ሺህ ብር አስከፈለኝ»

ይህን የምጽፍላችሁ ከጾሬ ነው። ጾሬ ደግሞ የት ናት የምትሉ አትጠፉም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ ስትደርሱ፣ ከዚያ ወጣ ብላ ታገኟታላችሁ። የማንጎ ዛፍና ሙቀት ሞልቶባታል፤ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያም አለባት። እናቴ ሻይና ዳቦ የምትሸጠው እዚህ ነው። ወላጆቼ በ1977ቱ ረሀብ ከወሎ ተነስተው አሶሳ የሰፈሩ ናቸው።

ስሜን አልጽፍም። የማን ሚስት እንደነበርኩም አልናገርም። ሰውየው የልጄ አባት ነው፤ በጋዜጣ ላይ ላዋርደው አልተነሳሁም። ጣጣዬ ከራሴ ጋር ነው። ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ደግሞ ታናሽ እህቴ ናት። ለጥር ልታገባ ቀን ተቆርጧል። ባለፈው ሰሞን ማታ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «እትዬ፣ ያጠራቀምኳት 150 ሺህ ብር አለች አይደል? እሱ ያለውን ጨምሮበት ባጃጅ ሊገዛ ነው። በቃ ለኑሯችን መነሻ ትሆነናለች» አለችኝ።

«በማን ስም?» አልኳት።

«እንዴ! በእሱ ስም ነዋ! የሚነዳት እሱ አይደል?»

ሲኒው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ይህችኑ ቃል፣ ያውም በዚሁ ድምፅ፣ እኔም ከዓመታት በፊት ብያታለሁ። ታዲያ ለእሷ የነገርኳትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ።

ፍቅር ባለበት ወረቀት ምን ይሠራል?

ያገባሁት በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ዲፕሎማ ነበረኝ፤ ሥራም ነበረኝ። ባለቤቴ ደግሞ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ሠርቶ የማይደክመው ሰው ነበር። የተከፋፈልነው እንዲህ ነው፤ የእኔ ደመወዝ ለአስቤዛ፣ ለሠራተኛና ለልጅ፣ የእሱ ደግሞ «ለቁም ነገር»። ቁም ነገር ማለት በስም የሚመዘገብ ነገር ነው። ልብ አድርጉ! እኔ የገዛሁት ሽንኩርትና ወተት በዚያው ሳምንት ተበልቶ ያልቃል። እሱ የገዛው ግን ሊብሬና ውል ይወጣለታል። ሁለታችንም እኩል ለፍተናል፤ ወረቀት ላይ የቀረው ግን አንድ ስም ብቻ ነው።

ከጋብቻችን በፊት የተመዘገበበት ኮንዶሚኒየም እጣ ሲወጣለት እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ቅድመ ክፍያው ሲጎድለው የዕቁብ እጣዬን በፌስታል ጠቅልዬ በእጁ ሰጠሁት። ደረሰኝ ብሎ ነገር ማን አስቦት! ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እየተባለ ያደገች ልጅ፣ ባሏን «ፈርምልኝ» ትላለች?

ከጊዜ በኋላ ሚኒባስ ታክሲ ገዛን። «ገዛን» የምለው እኔ ነኝ፤ ሊብሬው በእሱ ስም ነበር። በ2008 ዓ.ም. አንድ ቀን ሚኒባሷ ከደጅ ጠፋች። ብጠይቀው «ሸጥኳት፤ ወጪዋ በዛ» አለኝ። በስንት? በ320 ሺህ። ብሩስ? «ሥራ ላይ ነው»። ልጄ በሽታ ላይ ነበረች፤ ጭቅጭቅ ፈራሁ። ለሰላም ብዬ ዝም አልኩ። ሌላም ጊዜ ወንድሙ ቤት መጥቶ «ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?» ሲለው ሰማሁ። ያቺ ነገር ምን እንደሆነች አልጠየቅሁም። ይህም ለሰላም ነበር።

ሰላሙ ግን አልመጣም። በ2012 ዓ.ም. ተፋታን። የተፋታንበትን ምክንያት ለዛሬ ተዉልኝ፤ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ሒሳቡ የተሠራበት ቀን

ፍርድ ቤት ስገባ የፈራሁት ቤቱን ነበር። «በእኔ ስም ነው፤ የተመዘገብኩትም ሳላገባ ነው» አለ። እኔ አንድም ደረሰኝ የለኝም። ጉድ ፈላ አልኩ። ጠበቃዬ ግን ፈገግ አለችና ሕጉን አስረዳችኝ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይነሳል። የግሌ ነው የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። የቤቱ ውል የተፈረመውም ክፍያው የተከፈለውም በትዳር ውስጥ ስለነበር፣ የእሱ ማስረጃ አልበቃም። በዚያ ላይ የዕቁባችን ጸሐፊ አሮጌ ደብተራቸውን ይዘው መጡ፤ እጣዬን የወሰድኩበት ቀን ከቅድመ ክፍያው ቀን በአራት ቀን ይቀድም ነበር። ቤቱ የጋራ ተባለ። እግዜር ይስጣቸው!

ሚኒባሷ ላይ ግን ተሸነፍኩ። እንዴት ብትሉ፣ ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። የማይንቀሳቀስ ከሆነማ በማንኛውም ዋጋ ቢሆን የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። እኔ አልተስማማሁም። «እንግዲያውስ ሽያጩ ይፍረስልኝ» አልኩ። ጠበቃዬ አንገቷን ደፋች። ለካ ለዚህ ጥያቄ ቀን ተቆርጦለታል። ያልተስማማው ተጋቢ ነገሩን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። እኔ ያወቅሁት በተሸጠችበት ሳምንት ነው። ዝም ያልኩት አራት ዓመት ነው። ብሩም የት እንደገባ ማሳየት አልቻልኩም፤ «ለቤት ወጪ አለቀ» አለ፤ አለቀ።

ሦስተኛው ዕዳው ነው። ወንድሙ የ180 ሺህ ብር የብድር ውል ይዞ ብቅ አለ። «ለኮንዶሚኒየሙ ማጠናቀቂያ የተበደረው ነው» ተባለ። ያቺ ነገር ይህች ኖራለች! ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልግ ነበር፤ ግን እሱም ጊዜው አልፎበታል። ደግሞ ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም ዕዳ ነው። ብድሩ እውነት ይሁን ውሸት ዛሬም አላውቅም። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ በእርግጥ ሴራሚክና በር ገብቶለታል። የሚያንገበግበኝ ማታለሉ አይደለም፤ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ አለማወቄ ነው።

ሒሳቡን እነሆ። ቤቱ በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ተሸጠ። ለባንኩ የቀረው 150 ሺህ፣ የወንድሙ 180 ሺህ ተቀነሰ። 870 ሺህ ቀረ። ለእያንዳንዳችን 435 ሺህ ደረሰን። አሁን የዝምታዬን ዋጋ አስሉልኝ። የሚኒባሷ ግማሽ 160 ሺህ ነው። የዕዳው ግማሽ 90 ሺህ ነው። በድምሩ 250 ሺህ ብር! በዚያን ጊዜ የእኔን የሦስት ዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ፍቺው አይደለም የወሰደብኝ። ገንዘቤ ያለቀው ገና በትዳር ውስጥ ሳለሁ፣ ልጠይቅ ብዬ አፌን በያዝኩባቸው ማታዎች ነው። ፍቺው ያደረገው ቢኖር ድምሩን አንብቦ መንገር ብቻ ነው።

ወርቅ አጣቢዋ እማማ

ልጄን ይዤ ጾሬ ስመጣ አንገቴን ደፍቼ ነበር። የእናቴ ጎረቤት አንዲት የበርታ እናት አሉ፤ እኛ እማማ እንላቸዋለን። ፊደል አልቆጠሩም። አማርኛቸው ከሩጣናና ከዓረብኛ ጋር የተደባለቀ ነው። በወጣትነታቸው በዚህ ክልል ብዙ ሴቶች እንደሚያደርጉት ገበቴ ይዘው ወንዝ እየወረዱ ወርቅ ያጥቡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው የምታገኙት አንዲት ፍሬ ልትሆን ትችላለች፤ አንዳንድ ቀንም ባዶ ነው።

አንድ ቀን ባሚያ እየከተፍን ታሪኬን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ አንቺ ያጠብሽውን ወርቅ ማን መዘነው?» አሉኝ።

አልገባኝም። አስረዱኝ። ከወንዝ ሲመለሱ ወርቁን በጨርቅ ቋጥረው ባላቸው ፊት ይፈቱት ነበር። ይመዘናል፤ ስንት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ ግማሹ ለእህልና ለልጆች ይወጣል፤ ግማሹ ይቀመጣል። የት እንደተቀመጠ ሁለቱም ያውቃሉ። «ደብቄ አላውቅም» አሉኝ። «የተደበቀ ነገር ያጣላል። ያልተመዘነም ያጣላል።» መህራቸውን ግን የራሳቸው አድርገው ኖረዋል፤ በሃይማኖታቸው የሴቲቱ ነውና ባላቸውም ነክቶት አያውቅም። ባላቸው ሁለተኛ ሚስት ባገቡ ጊዜ፣ የእማማ ድርሻ የቱ እንደሆነ ለሽማግሌም ለዘመድም አልጠፋውም። የተመዘነ ነበርና!

ዲፕሎማ ያለኝ እኔ የዕቁብ ብር በፌስታል አስረክቤ ሳበቃ፣ እሳቸው አንዲቷን የወርቅ ፍሬ በምስክር ፊት ያስመዝኑ ኖሯል። አፈርኩ። ኋላ ግን አፈሬን አራግፌ መጠየቅ ጀመርኩ።

አክስቴ ወሎ ናት። የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መሬት ሲመዘግብ፣ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ፣ ፎቶግራፋቸውም እንዲለጠፍ ተደረገ። አክስቴ ደብተሯን በሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣለች። «ፎቶዬ እዚህ ውስጥ እያለ ማን ተነሺ ይለኛል?» ትላለች። አያችሁ? ለካ መብት ደብተር ሲኖረው ድምፁም ይለወጣል።

መብቱ አለ፤ የሚይዘው ሰው ነው የጠፋው

እናቶቻችን ይህ አልነበራቸውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ የጋራውን ንብረት የማስተዳደሩ ነገርም ለእሱ ያደላ ነበር። ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም ሙሉ በሙሉ እንድትይዝ የተፈቀደላት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ነው። አሜሪካ ውስጥ ባንኮች ሴትን በሴትነቷ ወይም በጋብቻዋ ምክንያት ብድር እንዳይከለክሏት ሕግ የወጣው በ1974 ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴት ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት ይሰጣታል። ይህ ለአዲስ አበባም ለጾሬም እኩል ይሠራል። የቤተሰብ ሕግን ክልሎች የየራሳቸውን ስለሚያወጡ፣ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ያላችሁ ዝርዝሩን ከክልላችሁ ጠይቁ። በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የምትፈልጉም ትኖራላችሁ። ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲቀርቡ ነው። አንዱ ያልፈቀደውን ሌላው ጎትቶ አይወስደውም።

ታዲያ ለእህቴ የነገርኳት ምክር ይኸውላችሁ።

አንደኛ፣ ከሰርግ በፊት ያላችሁን ብቻ ሳይሆን ያለባችሁንም ተነጋገሩ። ሀብት የማይነግርሽ ሰው ይኖራል፤ ዕዳውን የማይነግርሽ ግን ይበልጥ ያስፈራል። ሳታገቢ ያፈራሽው የግልሽ ነው፤ ከጋራው ጋር ከተደባለቀ በኋላ ግን ለመለየት መከራ ነው። የጋብቻ ውል የሚባል ነገር አለ። ከሰርጉ በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍ ይደረጋል፤ በፌዴራሉ ሕግ አራት ምስክሮች፣ ከየወገኑ ሁለት ሁለት፣ ይፈርሙበታል። «ካገባን በኋላ እንዋዋላለን» የሚል ካለ፣ ተጋቢዎች በትዳር ውስጥ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ እንደሌለው ንገሪው።

ሁለተኛ፣ ሊብሬውን፣ ካርታውን፣ የቤቱንና የብድሩን ውል በዓይንሽ እዪ። በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ኮፒውን እናትሽ ቤት አኑሪ። ይህ ጥርጣሬ አይደለም፤ ቤት ቢቃጠል፣ ባል ቢታመም፣ ሞት ቢመጣም የምትፈልጊው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ብር በፌስታል አይተላለፍ። በባንክ ይሂድ፤ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ይጻፍ። የራስሽ የባንክ ደብተርም ይኑርሽ። ደመወዝሽ በደብተርሽ ስለገባ የግልሽ ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ በትዳር ውስጥ የተሠራ ገቢ የአንቺም ሆነ የእሱ የጋራ ነው። ደብተሩ የሚጠቅምሽ ለመደበቅ ሳይሆን እንደ እማማ ለመመዘን ነው።

አራተኛ፣ ያልተስማማሽበት ነገር ሲሸጥ ወይም ሲበደር በለዘበ ቃል፣ ግን ዛሬውኑ ጠይቂ። መልሱ ካልጣመሽ የሕግ ሰው አማክሪ። ስድስት ወር እንደ ቀልድ ያልፋል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሚያማክርበት አሠራር አለው፤ ሕጉ እንዲሻሻል ከተሟገቱትም አንዱ ነው።

አምስተኛ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለሚኖሩ። ከተማ ውስጥ ይህ በዝቷል፤ አልፈርድም። በፌዴራሉ ሕግ አብሮ መኖሩ ቢያንስ 3 ዓመት ከሆነው በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን የሚያስተማምን ነገር የለም። አብሮ መኖራችሁን የሚያስረዳልሽ ምስክርም ያስፈልግሻል።

ለልጅ የሚቆረጠው ቀለብ ደግሞ የልጁ ነው፤ ለራስሽ ኑሮ ብለሽ እንዳትቆጥሪው።

«ሰርጌ ሳይደርስ ስለ ፍቺ?»

እህቴ ሰምታ ሰምታ አኮረፈች። «እትዬ፣ ሰርጌ ሳይደርስ ስለ ፍቺ ታወሪኛለሽ? ያንቺ ስለፈረሰ የእኔም እንዲፈርስ ነው?» አለችኝ። አመመኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። እውነትም ቅናት ይሆን ብዬ ራሴን መረመርኩ።

በማግሥቱ ግን ራሷ ሄዳ ለእጮኛዋ ነገረችው። ምን እንዳለችው አላውቅም። ለሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ፤ ስልክም አላነሳ። እናቴ «ልጅቷን ከትዳር አስቀረሻት!» ብላ ዓይኔን ማየት ጠላች። እህቴ ከክፍሏ አልወጣ አለች። እኔም የገባሁበት ገባኝ፤ የሰው ሰርግ አፍርሼ እንደሆነስ?

በሦስተኛው ቀን ማታ መጣ። ሻይ ቀረበለት፤ አልጠጣውም። አንገቱን ደፍቶ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ እኔ ዕዳ አለብኝ» አለ። አባቱ ሲታመሙ ለሕክምና 60 ሺህ ብር ተበድሯል፤ ግማሹን ገና አልከፈለም። «ባጃጇ ሠርታ ትከፍልልኛለች ብዬ ነበር። ከነገርኳት ትተወኛለች ብዬ ፈራሁ።» እህቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

መጥፎ ልጅ አይደለም። አባቱን ያሳከመ ልጅ እንዴት መጥፎ ይሆናል? ግን አስቡት፤ ማንም ባይጠይቀው ኖሮ ይህ ዕዳ የእኔ ወንድም አማቼ እንዳደረገው አንድ ቀን በር አንኳኩቶ ይገባ ነበር። ያን ጊዜ የአባት ሕክምና መባሉ ይቀርና ክህደት ይባላል። የተነገረ ዕዳና የተደበቀ ዕዳ አንድ አይደሉም።

እህቴ ወጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ወረቀትና እስክርቢቶ አምጥታ የሁለቱንም ያለውንና የሌለውን በሁለት ዓምድ ጻፈች። ባጃጇ ለጊዜው ቀርታለች፤ መጀመሪያ ዕዳው ይከፈላል። ስትገዛ የማን ስም ይጻፍ በሚለው ገና አልተስማሙም፤ ትናንት ማታም ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ይል ነበር። እናቴ «እንግዲህ ጀመሩ!» አለችኝ።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ተኛሁ። እኔና ባለቤቴ በ10 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እንደዚያ አልተከራከርንም ነበር።

ከጾሬ